እግር የሆነ ብስክሌት ሲቆም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ያለች የብስክሌት ከተማ ናት። እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ግን በባትሪ የሚሄደው ብስክሌቱ አንድ ሳምንት ጋራዥ ገባበት ማለት አንድ ሳምንት ከቤት አይወጣም ማለት ነው። ከጎጃም ከተሞች ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱን የመረጥነው ለብዙዎች ይጠቅማሉ ብለን ነው። ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ምን መለካት እንዳለበት አስቀድመን የምንጽፈው ደግሞ ያለ ልኬት የተገዛ ዕቃ ገንዘብም ቀንም ስለሚበላ ነው።

ጥያቄ፦ በልጅነቴ ፖሊዮ ይዞኝ ግራ እግሬ አይሠራም። ባለሦስት ጎማ የኤሌክትሪክ ብስክሌት አለኝ፤ 48 ቮልት ነው፣ ከመቀመጫው ሥር አራት ደረቅ ባትሪዎች አሉት። ድሮ ቀኑን ሙሉ ያደርሰኝ ነበር። አሁን ሜዳ ላይ ደህና ሄዶ ትንሽ አቀበት ሲያገኝ ድርግም ይላል። ጥቂት ቆይቼ ስሞክረው ይነሣል። ጠጋኙ «ሞተሩ ደክሟል፣ ሌላ ግዢ» አለኝ። እውነት ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እህታችን፣ ሞተሩን ለጊዜው አያስነኩት። የነገሩን ምልክት የባትሪ ምልክት ነው። አቀበት ላይ ሞተሩ ብዙ አምፔር ይስባል፤ የደከመ ባትሪ ያን ያህል ሲሳብ ቮልቱ ይወርድበታል። ኮንትሮለሩ (ከባትሪ ወደ ሞተር የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ሳጥን) ደግሞ አራቱ ባትሪዎች ተደምረው ወደ 42 ቮልት ሲወርዱ ኃይሉን እንዲቆርጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። እርስዎ ቆም ሲሉ ስበቱ ይቀራል፣ ቮልቱ ተመልሶ ይወጣል፣ ብስክሌቱም ይነሣል። የተበላሸ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ይግላል፣ የተቃጠለ ይሸታል ወይም ይንቋቋል።

ለማረጋገጥ አንድ መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ይበቃል፤ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ የሚጠግኑ ሁሉ አላቸው። ባትሪዎቹ ሌሊቱን ሞልተው ይደሩ፤ ጠዋት ከቻርጀሩ ነቅለው ሁለት ሦስት ሰዓት ያሳርፏቸው። ከዚያ መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጎ አራቱን አንድ በአንድ መለካት ነው። ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ ከ12.8 እስከ 13 ያሳያል። 12.4 እና ከዚያ በታች የሚያሳይ ካለ ጥርጣሬው እሱ ላይ ነው።

ይህ ግን ግማሹ ነው። አርፎ 12.8 የሚያሳይ ባትሪ ሥራ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ ብዙ ጠጋኞች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ የፊት ጎማውን ከግንብ ጋር አስጠግተው እርስዎ ከመቀመጫው ላይ ሆነው ለሁለት ወይም ለሦስት ሰከንድ ብቻ ጋዝ ይስጡ፤ ረዳትዎ በዚያች ቅጽበት የአንዱን ባትሪ ቮልት ያንብብ። ጥቂት አሳርፈው ቀጣዩን እንዲሁ ያድርጉ። ከሦስት ሰከንድ በላይ አይያዙት፤ ቆሞ የሚታገል ሞተር ቶሎ ይግላል። ፍሬንም ይዘው አይሞክሩ፣ የፍሬኑ እጀታ ራሱ ሞተሩን ስለሚቆርጠው ልኬቱ ዋጋ ያጣል። ሦስቱ 12 አካባቢ ቆይተው አንዱ ወደ 10 ወይም ወደ 9 ከወረደ ሌባው ተገኘ።

አንዱን ብቻ ልቀይር ወይስ አራቱንም? ባትሪዎቹ ከተገዙ ስድስት ወር ካልሞላቸው አንዱን መቀየር ያስኬዳል። ዓመት ካለፋቸው አራቱንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ፣ ምክንያቱም በተከታታይ የታሰሩ ናቸው፤ በሁሉም ውስጥ የሚያልፈው አምፔር አንድ ነው። የደከመው ቀድሞ ያልቃል፣ ሌሎቹ እየገፉት ባዶውን ይነዳል፣ ያኔ ጭራሹን ይሞታል። ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ ያረጁት ቀድመው ይሞሉና ይፈላሉ፣ አዲሱ ሳይሞላ ይቀራል። አዲስ ከሦስት አሮጌ ጋር የታሰረ እንደሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ አዲሱም ከአሮጌዎቹ ጋር ያረጃል። አራቱ የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ አቅምና በተቻለ መጠን የአንድ ወር ምርት ይሁኑ፤ ቀኑ ብዙ ጊዜ ክዳኑ ላይ ይታተማል።

የመኪና ባትሪ ርካሽ ነው ብሎ የሚያቀርብልዎት ይኖራል። አይቀበሉት። የመኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሰከንድ ብዙ አምፔር እንዲሰጥ በስስ ሰሌዳዎች የተሠራ ነው፤ በየቀኑ ወደ ታች ሲሟጠጥ ሰሌዳው ይረግፋል። ፈሳሽ አሲዱም መቀመጫዎ ሥር ሲገለበጥ እግርዎ ላይ ይፈስሳል፤ የማይታዘዝ እግር ደግሞ ከሚያቃጥለው ነገር ቶሎ አይሸሽም።

ሲቀየር ቁልፉን አጥፍቶ፣ ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቆ፣ የመፍቻውን እጀታ በናስትሮ ጠቅልሎ ነው። ብረት በሁለት የባትሪ ምሰሶዎች (ገመድ በሚታሰርባቸው ጫፎች) መካከል ከወደቀ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። አሮጌውን ከመፍታት በፊት በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ የአንዱ ፖዘቲቭ ወደ ቀጣዩ ኔጋቲቭ የሚሄድበት ቅደም ተከተል ከተሳሳተ ኮንትሮለሩ ይቃጠላል። ዳዶዎቹን አጥብቀው፣ ከወር በኋላ እንደገና ይፈትሹ። ኮብልስቶን ላይ የሚሄድ ብስክሌት ዳዶ ያላላል፤ የላላ የባትሪ ምሰሶ ደግሞ ልክ እንደ ደከመ ባትሪ አቀበት ላይ ድርግም ያደርጋል። ገመዱ በተጣበቀበት በኩል ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ወይም ለስልሶ ካዩት ችግሩ እዚያው ነበር ማለት ነው።

አቅሙን በተመለከተ፣ ባትሪዎችዎ ባለ 20 አምፔር-ሰዓት ከሆኑ 48 ቮልት በ20 ተባዝቶ 960 ዋት-ሰዓት ነው። ሰሌዳውን ላለመጉዳት ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ቢጠቀሙ 640 ያህል ይቀርዎታል፤ ባለሦስት ጎማ ከነሰው በኪሎ ሜትር ከ20 እስከ 25 ዋት-ሰዓት ቢበላ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። አዲስ ተብሎ ተገዝቶ 10 ኪሎ ሜትር ላይ ካለቀ ባትሪው አዲስ አልነበረም። ሌላው የዚህ ባትሪ ገዳይ ባዶውን መቀመጥ ነው። ሁለት ሳምንት ታመው ቢተኙ እንኳ ሳይሞላ አይቆይ፤ ባዶ የቆየ ባትሪ ሰሌዳው ላይ ነጭ ጠጣር ጨው ይይዝና ዳግም ሙሉ አቅሙን አይመልስም።

ገንዘብ ካለ ወደ ሊትየም መሸጋገር ይቻላል። አራቱ ደረቅ ባትሪዎች 27 ኪሎ ያህል ይመዝናሉ፤ ተመሳሳይ አቅም ያለው ሊትየም ከሲሶ እስከ ግማሽ ነው። ለእርስዎ ዓይነቱ ብስክሌት ባለ 16 ሴል የብረት-ፎስፌት ሊትየም የተሻለ ነው፣ ቮልቱ ለደረቁ ባትሪ ስለሚቀርብ ኮንትሮለሩ ሳይቀየር ይሠራል። ሁለት ነገር ግን የግድ ነው፦ ቻርጀሩ ይቀየራል፤ የባትሪው መቆጣጠሪያ ካርድ የሚሰጠው አምፔር ከኮንትሮለሩ መብለጥ አለበት። ኮንትሮለሩ ላይ 25 አምፔር ከተጻፈ ካርዱ ቢያንስ 30 ይሁን፤ ካነሰ አሁንም አቀበት ላይ ድርግም ማለቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ አባቴ አንድ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆርጧል፤ ባለሁለት ጎማ፣ ሞተሩ የኋላ ጎማው ውስጥ ያለ ብስክሌት ነው የሚነዱት። ሐምሌ ላይ ዝናብ ከመታው ወዲህ ጋዝ ሲሰጡት ይንቀጠቀጣል፣ ያጉረመርማል፣ አይሄድም። በእጅ ገፍተን ካንቀሳቀስነው በኋላ አንዳንዴ ይሄዳል። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ይህ የሞተሩ «ዓይን» መታወር ነው። በሞተሩ ውስጥ ሆል የሚባሉ ሦስት ትንንሽ ዳሳሾች አሉ፤ ማግኔቱ የት እንደደረሰ ለኮንትሮለሩ ይነግራሉ። አንዱ ዝም ካለ ኮንትሮለሩ ኃይሉን ያለ ቦታው ይልካል፣ ሞተሩም ይንገጫገጫል።

ከውስጡ በፊት ከውጭ ይጀምሩ። ባትሪውን አውጥተው ከሞተሩ የሚመጣውን ገመድ እስከ መገጣጠሚያው ይከተሉ፤ ሦስት ወፍራም ገመዶችና አምስት ቀጫጭን ገመዶች ታገኛላችሁ። ክፈቱት። ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ካለ ዝገት ነው፤ በጥርስ ብሩሽና በአልኮል አጽድታችሁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ፣ ነጭ ቫዝሊን በስሱ ቀብታችሁ መልሱት። ከክረምቱ ብልሽት ብዙው እዚህ ላይ ያበቃል።

ካላበቃ ይለካል። ባትሪው ተመልሶ ቁልፉ በርቶ፣ የመልቲሜትሩ ጥቁር ጫፍ ከቀጫጭኖቹ ጥቁር ላይ፣ ቀዩ ጫፍ ከቀዩ ገመድ ላይ ይሁን፤ 5 ቮልት አካባቢ ማሳየት አለበት። ካላሳየ ጥፋቱ የኮንትሮለሩ ነው። ካሳየ ቀዩን ጫፍ ወደ ቢጫው አዛውሩና ጎማውን በእጅ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ኋላ አዙሩት። ወደ ኋላ የምንለው በምክንያት ነው፤ በውስጣቸው ጥርስ (ማርሽ) ያላቸው ሞተሮች ጎማው ወደ ፊት በእጅ ሲዞር ውስጣቸው አይንቀሳቀስም። ቁጥሩ ከዜሮ ወደ 5፣ ከ5 ወደ ዜሮ መመላለስ አለበት። አረንጓዴውንና ሰማያዊውንም እንዲሁ። የማይመላለሰው የሞተው ዳሳሽ ነው።

የሞተው አንድ ቢሆንም ሦስቱም አብረው ይቀየሩ። ሞተሩን መክፈት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ዳሳሹ ራሱ ግን ትንሽ ዕቃ ነው፣ ለቀሩት ሁለት አሮጌዎች ብሎ ደግሞ መክፈት አያዋጣም። ጽሑፍ ያለበት ፊቱ እንደ ነበረው ይቀመጥ፤ ከተገለበጠ ሞተሩ ዳግም ይንቀጠቀጣል።

አንዳንድ ጠጋኝ «ያለ ዳሳሽ የሚሠራ ኮንትሮለር ልግጠምልህ» ይላል። ይሠራል፣ ርካሽም ነው። ነገር ግን ከቆመበት ሲነሣ ይንገጫገጫል፤ ጤነኛ እግር ያለው ሰው በፔዳል ገፋ አድርጎ ያልፈዋል። አባትዎ አቀበት ላይ ቆመው ሲነሡ በየትኛው እግር ይገፉታል? እንዲህ ያለውን ኮንትሮለር ለእሳቸው አንመክርም።

ዳሳሾቹ ሁሉ ጤነኛ ከሆኑ ሌላ ፈተና አለ። ሞተሩን ከኮንትሮለሩ ነቅላችሁ ጎማውን ወደ ኋላ አዙሩ፤ ቀለል ብሎ ከዞረና ሲሰካ ከከበደ ኮንትሮለሩ ተቃጥሏል። ተነቅሎም እየያዘ እየለቀቀ ከከበደ የሞተሩ ወፍራም ገመዶች እርስ በርስ ተነካክተዋል፤ በአብዛኛው የሚነካኩት ከአክሱ (ጎማው ከሚዞርበት ዘንግ) በሚወጡበት ጉሮሮ ላይ ነው። ይህ የሚሆነው የአክሱ ዳዶ ላልቶ አክሱ ራሱ ሲዞርና ገመዱን ሲጠመዝዘው ነው። ገመዱን ጠግኖ ዳዶውን እንዳለ መተው ብልሽቱን መልሶ መጥራት ነው። በ25 ሳንቲ ሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ 15 ኪሎ ያህል ጫና አሳርፋችሁ አጥብቁ፤ አክሱን ከቴላዮው ጋር የሚይዝ ብረት ከሌለው አሠሩለት። ገመዱም ከአክሱ ወጥቶ ወደ ታች ዝቅ ብሎ ከዚያ ወደ ላይ ይውጣ። ዝናቡ በዝቅታው ላይ ይንጠባጠባል፣ ወደ ሞተሩ አይገባም። በግፊት ውኃም አይታጠብ።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ ሲመጣ የብስክሌቴ ቻርጀር ተቃጠለ። የጎረቤቴ ባለባትሪ ሞተር ሳይክል ቻርጀር ጫፉ ልክ ይገባል፤ «48 ቮልት» ይላል፣ የእኔም 48 ነው። የእኔ ሊትየም፣ የእሱ ደረቅ ባትሪ ነው። ልጠቀምበት? (ከዳንግላ)

መልስ፦ በፍጹም። «48» የቤተሰብ ስም ነው፤ ቻርጀሩ የሚያወጣው ሌላ ነው። ባለ 13 ሴል 48 ቮልት ሊትየም የሚሞላው በ54.6 ቮልት ነው። የ48 ቮልት ደረቅ ባትሪ ቻርጀር ግን ወደ 59 ቮልት ይደርሳል። ያ ትርፍ የሊትየሙ መቆጣጠሪያ ካርድ ካልቆረጠው ሴሎቹን ያሳብጣል፣ እሳትም ያስነሣል። ባትሪዎ ባለ 13 ሴል ከሆነ አዲስ ሲገዙ ከጀርባው «OUTPUT» (ውጤት) በሚለው በኩል 54.6 መጻፉን በዓይንዎ ይዩ።

የተቃጠለውን ለመጣል አይቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ፊውዙ ነው። ሆኖም ራስዎ አይክፈቱት። ከሶኬት ተነቅሎም በውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር 300 ቮልት ያህል ይዞ ይቆያል። ወደፊት መብራት ሲሄድ ስፒናውን ይንቀሉ፤ ሲመለስ አምስት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ።

አንድ ነገር ደግሞ ከልብ እንለምንዎታለን። ሌሊት አልጋዎ አጠገብ ወይም በመውጫዎ በር ላይ ቻርጅ አያድርጉ። የሊትየም እሳት በሰከንዶች ይሰፋል፤ ተነሥቶ መሮጥ የማይችል ሰው እሳቱ ከእሱና ከበሩ መካከል መሆን የለበትም። ያበጠ፣ የወደቀ ወይም ውኃ የገባበት ባትሪ ጭራሽ አይሰካ።

ጥያቄ፦ ብስክሌቴ አምስት ዓመት ሆነው። ባትሪው አልቋል፣ የቴላዮው ብየዳ መሰንጠቅ ጀምሯል። ቀኝ እጄም እየደከመ ነው። ላሠራው ወይስ ልግዛ? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ባትሪው ብቻ ቢሆን ያሠሩት እንል ነበር። የሚያስጨንቀን ስንጥቁ ነው። ማግኔት ያስጠጉበት፤ ከያዘ ብረት ነው፣ ጥሩ በያጅ ማጠናከሪያ ጨምሮ ሊበይደው ይችላል። ከመበየዱ በፊት ባትሪው፣ ኮንትሮለሩና ማሳያው ወልቀው ይውጡ፣ አለዚያ የብየዳው ኃይል ያቃጥላቸዋል። ማግኔት ካልያዘ አሉሚኒየም ነው፤ በተራ የዘንግ ብየዳ አይበየድ። ስንጥቁ መሪው በሚገባበት አንገት ላይ ከሆነ ግን ብረትም ቢሆን አይንዱት። እዚያ ላይ ሲሰበር ጎማው ከፊትዎ ይሄዳል፣ መያዣ የለም።

የእጅዎ መድከም ሲጨመር ሚዛኑ ወደ መግዛት ያደላል፤ አሮጌውን ለመለዋወጫ ያስቀምጡት። ሲገዙ የመጀመሪያው ጥያቄ ባለሁለት ጎማ ነው ወይስ ባለሦስት የሚለው ነው። ድንገት ሲቆሙ በጤነኛው እግርዎ የብስክሌቱንና የራስዎን ክብደት ችለው መያዝ ካልቻሉ ባለሦስት ይሁን። ባለሦስት ጎማ ቆሞ አይወድቅም፤ ሲታጠፍ ግን በፍጥነት ከሆነ ይገለበጣል፣ ወደ ውጭ ያጋደለ መንገድ ላይ ደግሞ ይብሳል። ፍጥነቱን ከመታጠፍዎ በፊት ይቀንሱ፣ እየታጠፉ ፍሬን አይያዙ።

ሞተሩን በአገሩ አቀበት ይምረጡት። ሰውና ብስክሌት ተደምሮ 150 ኪሎ ቢሆን፣ በ100 ሜትር 8 ሜትር የሚወጣ አቀበት ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ጎማው ላይ 380 ዋት ያህል ያስፈልጋል። 250 ዋት የተጻፈበት ሞተር ይህን አቀበት ይወጣው ይሆናል፤ በየቀኑ ግን እየጋለ ይቃጠላል። 500 ዋት፣ ጥርስ ያለውን ዓይነት ይውሰዱ።

ለደካማ ቀኝ እጅ ጋዙ ወደ ግራ እንዲዛወር ያስደርጉ። አንድ እጀታ ሁለት የፍሬን ሽቦ የሚስብበት ዓይነት አለ፤ እሱ ይገጠምልዎ። ቆሞ የሚታሰር ፍሬን የሌለውን አይግዙ፤ ወደ መቀመጫው ሲዛወሩ ብስክሌቱ ከሥርዎ ከተንሸራተተ የሚይዝዎ የለም። ለክራንችዎ ከመቀመጫው ጀርባ የ5 ሳንቲ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ በሁለት ማሰሪያ ማሰር ይበቃል።

ኮንትሮለሩ ለብቻው ያለውን፣ 48 ቮልት የሆነውን ይምረጡ፤ ሁሉም ነገር በአንድ ሳጥን ተደፍኖ የመጣ አንድ ዕቃ ሲጎድለው በሙሉ ይቆማል። ሻጩ ጋ ሜዳ ላይ ዞረው አይመለሱ። የሚሸከሙትን ያህል ጭነው፣ በየቀኑ የሚወጡትን የሚመስል አቀበት ላይ ቆመው ያስነሡት። ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ የቤትዎን በር ስፋት በሜትር ይለኩ፤ ብዙ ባለሦስት ጎማዎች ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ ናቸው፣ ውጭ የሚያድር ብስክሌትም ዝናብና ሌባ ያገኘዋል።

ጥያቄ፦ ከከተማ ራቅ ያልኩ መምህር ነኝ። ምን ምን መለዋወጫ ቤቴ ላስቀምጥ? (ከመራዊ አካባቢ)

መልስ፦ አንድ የእጅ ጋዝ፣ ሁለት የውስጥ ጎማ፣ አንድ ጥንድ የፍሬን ሸራና አንድ የፍሬን ሽቦ፣ ከነበረው ጋር አምፔሩ እኩል የሆነ ሦስት ፊውዝ፣ ናስትሮ። ከቻሉ ሁለተኛ ቻርጀር፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞተው እሱ ነው። የፍሬን እጀታው ውስጥ ያለው መቁረጫ አንዳንዴ ተጣብቆ ይቀርና ብስክሌቱ በርቶ አልሄድ ይላል፤ ያኔ የሁለቱን እጀታዎች ቀጭን ገመድ አንድ በአንድ ነቅለው ይሞክሩ። ሲነቀል ከሄደ ጥፋቱ ተገኝቷል፤ እስኪቀየር ድረስ ፍሬኑ ራሱ መያዙን አረጋግጠው፣ ፍሬን ሲይዙ ጋዙን ሙሉ በሙሉ እየለቀቁ ቀስ ብለው ትምህርት ቤት መድረስ ይችላሉ። ሞተሩ ላለበት ጎማ የአክሱን ዳዶ የሚፈታውን መፍቻ ከብስክሌቱ ጋር ይያዙ፤ ብዙዎቹ 18 ወይም 19 ናቸው፣ የመንገድ ዳር ጎሚስታ ሁሉ ላይኖረው ይችላል።